ያልቆጠርኳቸው አምስት ቀኖች

ነገሩ የተገለጠው በ1999 ዓ.ም. ነበር፤ በጋው ከርሮ፣ የአሶሳ ማንጎ ገና አረንጓዴውን ተንጠልጥሎ ሳለ።

አሁን፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ የተሰበረ የመስኮት መስታወት የሚቀይር ሠራተኛ አምጥቶ ነበር። ሰውየው መስታወት የሚያጣብቅበትን ስቱኮ በመዳፉ እያሸ ሲያለሰልስ የዘይቱ ሽታ ቤቱን ሞላው። እኔ ወጥ እሠራ ነበር። ማማሰያውን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ልጆቼ ተከትለውኝ፣ "እማ፣ ምን ሆንሽ?" አሉኝ።

"ሽንኩርቱ ነው" አልኳቸው። ሽንኩርት ከከተፍኩ ቆይቼ ነበር።

አንቺ ወዳጄ፣ አንድ ቀን ጠይቀሽኝ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን በደቡብ በኩል፣ እኛ ሴቶች በምንቆምበት፣ እመቤታችን ልጇን አቅፋ የምትታይበት ባለቀለም መስታወት አለ። ከግርጌው አምስት ትንንሽ መስታወቶች ተደርድረዋል። አራቱ ላይ ስም ተጽፏል። አምስተኛዋ፣ ቢጫዋ፣ ባዶ ናት። "ሠሪው ረስቷት ነው?" ብለሽኝ ነበር። ቅዳሴ ሊገባ ስለነበር ዝም አልኩሽ። ሠሪው አልረሳትም። አሁን ልንገርሽ።

መስታወቱ መታሰቢያ የሆነላቸው ቤተሰቦች ጎረቤቶቻችን ነበሩ። የእነሱም የእኔም ወላጆች በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። ያሰፈሯቸው መንደር ስም እንኳ አልነበረውም፤ በቁጥር ነበር የሚጠራው። እኔ እዚያው ተወለድኩ። በሁለቱ ቤት መካከል የቀርከሃ አጥር ነበረ፤ አጥሩ ላይ ደግሞ ሁለቱ እናቶች እሳት የሚጫጫሩበት ቀዳዳ ነበረ። ማን እንደቀደደው አይታወቅም። ሁለቱም አባቶች በየዓመቱ አጥሩን ሲያድሱ ቀዳዳዋን እየዘለሉ ያድሱ ነበር።

ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። የመጀመሪያው በአሥራ አምስት ዓመቱ ማንጎ በጫነ መኪና ተሳፍሮ አዲስ አበባ ሄደና መስታወት ቤት ተቀጠረ። ሁለቱ ትንንሾቹ ከእኔ ጋር ይማሩ ነበር።

በ1992 ክረምት፣ ሐምሌ 12፣ በሚካኤል ዕለት፣ ጎረቤታችን ሴት ልጅ ወለደች። ለሴት እልልታው ሦስት ነው። አባትየው ግን በሩን በሁለት እጁ ይዞ ቆመና፣ "ሰባት በሉ!" አለ።

"ኧረ ለሴት ሦስት ነው፣ አንተ ሰው!" አሉት ሴቶቹ።

"ሰባት ካላላችሁ ገንፎ የለም! በሩ ላይ እኔ ነኝ ያለሁት!"

ሰባት አሉለት። እኔም ከውጭ ሆኜ አብሬ አልኩ። የዚያን ቀን ዝናብ ስለነበር ቆርቆሮው እየተንጫጫ እልልታውን ሊውጠው ሲታገል ትዝ ይለኛል።

እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ አምስተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። ትምህርት ዝግ ስለነበር እናቴ አራሷን እንዳግዝ ላከችኝ። ውሃ እቀዳ፣ ጨርቅ አጥብ፣ ሕፃኗንም እይዝ ነበር። አናቷ የቅቤ ሽታ ነበረው። ረፋድ ላይ ፀሐይ በቀርከሃው ግድግዳ ሽንቁር እየገባች ፊቷ ላይ ቀጫጭን መስመር ታሰምር ነበር። መስመሩ ዓይኗ ላይ ሲደርስ ታስነጥሳለች። እኔም ሆን ብዬ እዚያው አስቀምጣትና እስክታስነጥስ እጠብቅ ነበር።

አንድ ቀን አራሷ ጠራችኝ።

"የተማርሽው አንቺ ነሽ። ሰማንያዋ መቼ ነው የሚውለው? ቁጠሪልኝ እስቲ።"

"አባን እጠይቃቸዋለሁ" አላት ባልየው። ቄሱን ማለቱ ነው።

"አባ ወንዝ ማዶ ናቸው፤ ወንዙ ደግሞ ሞልቷል። ይኸው ተማሪ እያለች!"

አባትየው ሳቀ። ወደ እኔ ዞሮ፣ "በይ ቁጠሪ። ከደረስሽበት የክርስትናው ዳቦ ጫፍ ያንቺ ነው" አለኝ።

ደብተሬን አምጥቼ መሬት ላይ ተንበረከክሁ። ሁሉም አፌን ያዩ ነበር። እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ቆጠርኩ። ከሐምሌ አሥራ ዘጠኝ። ከነሐሴ ሠላሳ። ከመስከረም ሠላሳ። ሰባ ዘጠኝ ሆነ። "ጥቅምት አንድ!" አልኩ።

አራሷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ልደታ! ልጄ በልደታ ዕለት ክርስትና ልትነሣ!" እንባዋ መጣ። "እመቤቴ ራሷ ቀን መርጣላታለች እኮ።"

ከዚያ በኋላ ማን መልሶ ይቆጥራል? ቀኑ እንደዚያ አምሮ ወጥቶ።

በማግሥቱ አባትየው ወንዙ ዳር ወረደ። እኔም ተከተልኩት። ውሃው ቀይ ሆኖ ግንድ እየገፋ ይወርድ ነበር። ቄሱ ከማዶ ቆመዋል። አባትየው ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ "አባ! ክርስትናው ጥቅምት አንድ! ልደታ!" ብሎ ጮኸ። ቄሱ የሰሙትን ሰምተው መስቀላቸውን ከፍ አደረጉለት። ሁለቱም በውሃው ድምፅ መካከል የሚነጋገሩት ያን ያህል ነበር።

ነሐሴ አለቀ። ጳጉሜን 3 ቀን ሩፋኤል ዘነበ፤ እንደ ልማዳችን ልጆቹ ሁሉ ራቁታችንን ወጥተን ተጠመቅን። አራሷ ሕፃኗን ታቅፋ ክፈፉ ሥር ቆመች። እጇን አውጥታ ከዝናቡ ያዘችና ሦስት ጠብታ ግንባሯ ላይ ጣል ጣል አደረገችላት። "ሩፋኤል ይባርክሽ" አለቻት። ሕፃኗ ፊቷን ጨፍገግ አድርጋ እናቷን አየቻት። ሁላችንም ሳቅን።

መስከረም ሲጋመስ ወባ ገባ። አንቺ የዛሬውን ታውቂያለሽ፤ የዚያን ዓመቱ ሌላ ነበር። ከየቤቱ ሰው ወደቀ። እናቴም ወደቀች። መድኃኒት ይመጣል ይባል ነበር፤ መጣም፤ ግን ለብዙዎች ዘግይቶ ነው።

መስከረም 28 ሕፃኗ እንደ እሳት ነደደች። እናትየው ራሷ በሁለት ጋቢ ውስጥ ትንቀጠቀጥ ነበር። አባትየው ግድግዳ ይዞ ሊነሣ እየሞከረ፣ "ቄሱን ላስጠራ። የታመመ ሕፃን ከቀኑ በፊት ይጠመቅ የለም ወይ?" አላት።

"ተው። ማስቸኮል ሞቷን መጥራት ነው" አለችው። "ሦስት ቀን ነው የቀራት። ልደታ ታቆይልኛለች።"

እሱም ተመልሶ ተኛ። አቅም አልነበረውም።

በማግሥቱ ጠዋት፣ በባለወልድ ዕለት፣ ሕፃኗ እኔ ጭን ላይ አረፈች። መጀመሪያ የተኛች መስሎኝ ነበር። ደስም ብሎኝ ነበር፤ ማልቀስ ተወች ብዬ።

ክርስትና ስላልተነሣች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ነው የተቀበረችው። አባቴና አንድ ሌላ ሰው ቀበሯት፤ ዶማውን ተሸክሜ የሄድኩት እኔ ነኝ። በሦስት ሳምንት ውስጥ እናትየው ተከተለቻት። ከዚያ ሁለቱ ወንዶች። አባትየው ኅዳር ገብቶ አረፈ። አራቱ ጸሎተ ፍትሐት ተደርጎላቸው በቅጥሩ ውስጥ ተቀበሩ። በአጥሩ ቀዳዳ አሻግሬ ሳይ የማየው የተዘጋ በር ብቻ ሆነ።

ታላቁ ልጅ መርዶው ዘግይቶ ደረሰው። መጥቶ አንድ ቀን አደረ። ከማንም ጋር ሳይነጋገር ተመለሰ።

በዓመቱ እንደገና ጳጉሜን መጣች። ሩፋኤል ዘነበ። ልጆቹ ጮሁ፤ እኔም አብሬ ወጣሁ። ዝናቡ ራሴ ላይ ሲወርድ ነው የገባኝ። ጳጉሜን! ባለፈው ዓመትም በዚሁ ዝናብ ተጠምቄያለሁ፤ ቀኖቹን ግን አልቆጠርኳቸውም። ሰማንያዋ ጥቅምት አንድ አልነበረም፤ መስከረም 26 ነበር። መስከረም 26 ሕፃኗ ደህና ነበረች። ያን ቀን ጠዋት ጣቴን ይዛ አልለቅ ብላኝ ነበር።

እናቴ ከበሩ፣ "ግቢ እንጂ፣ ብርድ ሊመታሽ ነው!" ትለኛለች። እግሬ አልነቀል አለኝ።

ለማንም አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም ቢሆን፣ "አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ" ብዬ ጀምሬ ሌላ ነገር ነበር የተናገርኩት።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ አራት ልጆች አሉኝ። የአራቱንም ቀን ቄስ ናቸው የቆጠሩልኝ። እኔ እስከዛሬ የማንንም ልጅ ቀን አልቆጥርም። ጎረቤት ሲጠይቀኝ፣ "እኔ ሒሳብ አልችልም" እላለሁ። ባለቤቴ ይስቃል፤ የሱቃችንን ሒሳብ የምይዘው እኔ ነኝ።

ያ አዲስ አበባ የገባው የጎረቤቶቻችን ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ የመጣው በ1999 ነው። የጭቃው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ በብሎኬት ተሠርቶ ነበር። አባቴ ሞቷል፤ የቀድሞው ቄስም ዐርፈዋል። እሱ ሙሉ ሰው ሆኗል፤ እጁ በመስታወት የተቆራረጠ፣ ቃል የማይወጣው። ከአዲስ አበባ ሁለት ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ሲመጣ በፍራሽ የተጠቀለለ ትልቅ ሣጥን ጭኖ ነበር። ሌሊት ያደረበት ቦታ ሁሉ ሣጥኑን ይዞ እንዳደረ ለእናቴ ነገራት። እኛ ቤት አረፈ። እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። በወሎ ደንብ "አያ" እለው ነበር።

መስታወቱን በገዛ እጁ ነው የሠራው። ለወላጆቹና ለወንድሞቹ መታሰቢያ፤ ለእኅቱም። እሷን አይቷት አያውቅም።

መስኮቱ ጋ የሚደርስበትን መወጣጫ የሠራለት ከመንጌ በኩል የመጣ፣ አማርኛው ሰባራ የሆነ የበርታ ሰው ነበር፤ በቀርከሃ ሥራ የሚስተካከለው አልነበረም። መስታወት ሠሪው መወጣጫውን ነቅነቅ አድርጎ ሲያመነታ ሰውየው ከላይ ሆኖ ሳቀበት።

"ምን ያያል? ውጣ! አዲስ አበባ ሊፍት አለ፣ እዚህ የለም!"

"ይችለኛል?"

"ቀርከሃ አይሰበርም። አንተ ነው የሚሰበር።"

በመጀመሪያው ቀን ትልልቆቹ መስታወቶች ተገጠሙ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዞራ ስትመጣ የእመቤታችን ሰማያዊ መጎናጸፊያ ወለሉ ላይ ወደቀ። አንዲት አሮጊት ጫማዋን ይዛ ቆማ፣ "እንዴት አድርጌ ልርገጠው?" አለች። ዞራ አለፈች። ከዚያ በኋላ የመጡት ሴቶች ሁሉ ዞሩ። እኔም ዞርኩ። ቤተ ክርስቲያኑ የስቱኮና የአዲስ ሲሚንቶ ሽታ ነበረው።

በሁለተኛው ቀን ስም ሊጻፍ ነበር። አምስቱ ትንንሽ መስታወቶች ጨርቅ ላይ ተደርድረዋል። ለሙታን የሚጸለየው በክርስትና ስም ስለሆነ መስታወቱ ላይም የሚጻፈው እሱ ነው። አስተዳዳሪው አዲስ የመጡ አባት ነበሩ፤ የቀድሞውን ቄስ የማስታወሻ ደብተር ይዘው ተቀመጡ። የአራቱን ስም ከፍትሐታቸው ላይ አነበቡለት። እሱም በቀጭን ብሩሽ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ አንድ በአንድ ጻፈ።

"አምስተኛዋስ?" አሉ አስተዳዳሪው።

"እኅቴ ናት፣ አባ። የክርስትና ስሟን አላውቀውም።"

ደብተሩን አገላበጡ። "የለችም። የክርስትና መዝገብ ደግሞ ያኔ አልነበረም። ለመሆኑ ክርስትና ተነሥታለች?"

እሱ ከደረት ኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ። አባቱ ያስጻፈለት ደብዳቤ ነው። "ሐምሌ በሚካኤል ተወለደች ይላል" አለና በጣቱ መቁጠር ጀመረ። "ያረፈችው በመስከረም ባለወልድ ነው ብለውኛል። ከሐምሌ አሥራ ዘጠኝ። ነሐሴ ሠላሳ። ጳጉሜን አምስት..."

ጳጉሜን ሲል ግድግዳውን ተደገፍኩ።

"... ከመስከረም ሃያ ዘጠኝ። ሰማንያ ሦስት!" ቀና አለ። ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው፤ ሳቁ የአባቱ ነበር። "ሰማንያዋ አልፏል፣ አባ! አባቴ ደግሞ ቀን የሚያሳልፍ ሰው አልነበረም።"

"እንዲያማ ከሆነ ተነሥታለች፤ ተመስገን ነው" አሉ አስተዳዳሪው። እሳቸውም ደስ አላቸው። "ስሟን የሚያውቅ ሰው ይኖር ይሆን? ማን ነበር ያኔ?"

እናቴ፣ "እኔ በወባ ወድቄ ራሴን አላውቅም ነበር። እነሱ ቤት የነበረችው ይቺ ልጄ ናት" አለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እሱ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነክሮ፣ ቢጫዋን መስታወት ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቀኛል። አጠገቤ የቆመች የሰበካው ሴት ክንዴን ጨበጥ አድርጋ በጆሮዬ፣ "ወለተ ማርያም በያቸው" አለችኝ። "ስንቷ ወለተ ማርያም አለች። ማን ይጠይቅሻል?"

አንድ ቃል ነበር። ለእሱ እኅቱን እሰጠው ነበር። እኔም እድን ነበር፤ በየዓመቱ ስሟ በተጠራ ቁጥር አምስቱ ቀኖች ይዘጉልኝ ነበር። የመቅደሱን መጋረጃ፣ መንጦላዕቱን አየሁት። ከመንጦላዕቱ ጀርባ ማን እንዳለ ታውቂያለሽ። አፌ እንቢ አለኝ።

"አልተነሣችም" አልኩ።

"ቀኑ አልፏል እኮ" አለኝ እሱ፣ ያልሰማሁት መስሎት፣ በቀስታ። "ሰማንያ ሦስት ነው።"

"ቆጣሪዋ እኔ ነበርኩ፣ አያ። ጳጉሜንን ረሳኋት። ጥቅምት አንድ አልኳቸው፤ አመኑኝ።"

መወጣጫው ላይ ያለው ሰውዬ ወደ ታች አጎንብሶ፣ "ምን ሆነ? ማን ሞተ?" አለ።

"ስንት ዓመትሽ ነበር?" አለኝ እሱ።

"አሥራ አንድ።"

ብሩሹን በጨርቅ ጠረገው። ከጠራ በኋላም ይጠርገው ነበር። ከዚያ ድንገት ቀና ብሎ፣ "ጳጉሜን ሦስት ዘንቦ ነበር?" አለኝ።

"ዘንቦ ነበር። እናትህ ከሩፋኤል ዝናብ ሦስት ጠብታ ግንባሯ ላይ አድርጋላታለች።"

ወደ አስተዳዳሪው ዞረ። አልጠየቃቸውም፤ ዝም ብሎ አያቸው። እኔም አየኋቸው። ሕፃን እንኳ እንደዚያ አያይም። እሳቸው ደብተሩን ዘግተው እጃቸውን ላዩ ላይ አደረጉ።

"ልጄ፣ ዝናቡ በረከት ነው። ጥምቀት አይደለም።" መስቀላቸውን ጨበጡ። "ይህን ሥርዓት የሠራሁት እኔ አይደለሁም። ብችል ኖሮ..." አልጨረሱትም። ወደ መስታወቷ አመለከቱ። "ስም አትጻፍባት። እሷን ግን ከቦታዋ አግባት። ባዶ መስታወት አይግባ የሚል ሥርዓት አላነበብኩም።"

እሱ ስቱኮውን በመዳፉ አሸ። ቢጫዋን ከእናቱ ስም ቀጥሎ ገጠማት። ጠርዟን በአውራ ጣቱ እየተጫነ ዞረ። እኔ የማቀብለው ነገር እንኳ አልነበረኝም። ቆሜ አየሁት።

ውጭ ወጥቼ ግንብ ሥር ተቀመጥኩ። የበርታው ሰውዬ ገመዱን እየጠቀለለ መጣ።

"አንቺ ለምን ያለቅሳል?"

ነገርኩት። ብዙውን የገባው አይመስለኝም። ተቀመጠ።

"እኛ ጋ ልጅ ሰባት ቀን ሲሞላ ስም ያወጣል" አለኝ። "ሰማንያ ቀን ሩቅ ነው። ሰማንያ ቀን እኔም ያልቃል።" እንድስቅለት ፈልጎ ነበር፤ እንዳልቻልኩ ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ትንሽ ልጅ ሒሳብ የለውም። አላህ የራሱ ዕቃ አይጠፋበትም።"

እምነታችን ሌላ ነው፤ የእኛን ሥርዓት አያውቅም። ግን ያን ቀን አጠገቤ የተቀመጠው እሱ ብቻ ነበር። ዛሬም ስሙን በጸሎቴ አነሣለሁ። እግዚአብሔር ይስጠው።

ማታ እራት ላይ መስታወት ሠሪው አላየኝም። እናቴ እንጀራ እየቆረሰች ትሰጠዋለች፤ እሱም፣ "በቃኝ፣ እትዬ" ይላታል። እናቴ ከኋላው ሆና ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። ዕቃ ስናጥብ፣ "ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ለእኔ እንኳ?" አለችኝ። ሳህኑን ተቀበለችኝና፣ "ሂጂ ተኚ" አለች። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ልተኛ ሳልፍ እሱ ከመደቡ ላይ ጠራኝ።

"ቤት ውስጥ ምን ብለው ነበር የሚጠሯት?"

ነገርኩት። ከእናቴና ከእኔ በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም፤ አሁን ሦስት ሆንን። ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቅሶ ደገመው።

"ነገ ወደ ከተማ ከመውረዴ በፊት ያረፈችበትን አሳዪኝ። አባትሽም የሉ። ከአንቺ ሌላ ማንን እጠይቃለሁ?"

"እሺ፣ አያ" አልኩት።

በማግሥቱ ጠዋት ነጠላዬን ለበስኩና ከፊት ከፊት ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ወደዚያ ሄጄ አላውቅም ነበር። በማውቀው በኩል ዞርኩ። ቁጥቋጦው ተመንጥሯል። አባቴ፣ "ይቺ ምልክት ትሁንሽ" ያለኝ ሾላ የለም፤ ጉቶው እንኳ ተነቅሏል። የቅጥሩ አጥር ቦታውን ለውጧል። ባለው ቦታ ሁሉ ማሽላ ተዘርቶ፣ ታጭዶ፣ አገዳው ብቻ ቆሟል። ፀሐይ ገና እየወጣች ነበር፤ አገዳው ጤዛ ይዞ ቀሚሴን አራሰው። ወደ ቀኝ ጥቂት ሄድኩ። ተመለስኩ። ቆምኩ።

እሱ ከኋላዬ ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ትናንት ያየኝ ዓይን አልነበረም፤ የሚጠብቅ ሰው ዓይን ነበር።

አላወቅሁትም። ያ መሬት የትም ሊሆን ይችላል።

እግሬ ሥር ወዳለው አፈር አመለከትኩና ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ፣ "እዚህ ነው" አልኩት።

እሱም ተንበረከከ።